ባለ ገሳውና ሳቂታው

የልጅ ልጆቼ ሲ.ኤም.ሲ. ካለው ቤታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጡ ሶፋዬ ላይ ተደርድረው የጃፓን ሥዕል ያያሉ። አንዳንዱ በስልክ የሚንቀሳቀስ ነው፤ አኒሜ ይሉታል። አንዳንዱ በመጽሐፍ የታተመ ነው፤ እሱን ማንጋ ይሉታል። ካዩ በኋላ ጭቅጭቅ ነው። «እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው።» «እሱን? እሱ እኮ ጓደኛውን የከዳ ነው! እኔ እንደሱ የምጠላው የለም።» አንድ ቀን የሁሉም ታናሽ ወደ እኔ ዞረችና ለመሳቅ ተዘጋጅታ፣ «እማማ፣ አንቺስ ከማንጋ ማንን ትወጃለሽ? ማንንስ ትጠያለሽ?» አለችኝ።

«ሳቂታውን እወድ ነበር። ባለ ገሳውን እፈራ ነበር» አልኳት።

ሳቁ ቀረ። እንደዚህ የሚባሉ ሰዎች አያውቁም። ማንም አያውቃቸውም፤ ስም ያወጣንላቸው እኔና ታናሽ እህቴ ነን። ያኔ እኔ ለአቅመ ሸክም የደረስኩ፣ እሷ ጥርሷን ያልነቀለች ልጆች ነበርን፤ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ እዚሁ የካ።

እናታችን ሾላ ገበያ ሲኒና ሰሃን ትሸጥ ነበር። ዕቃው ከጃፓን የሚመጣ ነው። መርካቶ ካለ ጅምላ ነጋዴ አንድ ሳጥን ታወጣና ገበያ ሳትወስደው በፊት ቤት አምጥታ ትከፍተዋለች፤ ገበያ መሀል የተከፈተ ሳጥን ግማሹ በሰው እጅ ይሰበራል ትላለች። ሳጥን የሚከፈትበት ቀን ለእኛ በዓል ነበር። መጀመሪያ ጭዱ ይወጣል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሲኒ በተጨማደደ ወረቀት ተጠቅልሎ ይወጣል። እማዬ ሲኒውን በጥፍሯ ኳ አድርጋ ጆሮዋን ትሰጠዋለች፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካወጣ ደህና ነው፣ ድምፁ ከታፈነ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል። ወረቀቱን ግን ሳታየው ወደ ኋላዋ ትወረውርልናለች።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል ያወቅሁት የጎረቤት ልጆች ሲያጠኑ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ እየሰማሁ ነው። ካወቅሁ በኋላም ያነበብኩት ሁሉ አንድ ነገር ተጠቅልሎበት የመጣ ነው፤ ስኳር፣ በርበሬ፣ ሳሙና። ስለዚህ ወረቀት አልንቅም። የጃፓኑንም ወረቀት በከሰል ካውያ ተኩሼ አቃናው ነበር። ጽሕፈቱ ሸረሪት ቀለም ረግጣ ያለፈችበት ይመስላል፤ ማን ያነበዋል? ሥዕሉ ግን ይነበባል። በመስመር እየተከለለ በየክፍሉ የተሣለ፣ አንዱ ከአንዱ የሚቀጥል ታሪክ ነው። እንዲህ ያለውን ሥዕል ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አውቀዋለሁ። በበዓል ቀን ቄሱ በመቋሚያቸው እየጠቆሙ ከግራ ወደ ቀኝ ይተርኩልን ነበር፤ እኔም ለእህቴ በጭራሮ እየጠቆምኩ ልክ እንደሳቸው እተርካለሁ።

አብዛኛው ወረቀት የተቀደደ ነው። አንዱ ብቻ ትልቅ ሰሃን ተጠቅልሎበት ስለነበር ሙሉውን ገጽ ይዞ ወጣ። ስድስት ሥዕል አለበት፤ ሦስቱ ከላይ፣ ሦስቱ ከታች። ይህን ወረቀት ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ መሣል እችላለሁ።

ከላይ፣ ከግራ ስንጀምር፣ አንዲት ትንሽ ልጅ የሞላ ወንዝ ውስጥ ናት፤ የሚታየው ጭንቅላቷና የተዘረጋ እጇ ነው። ድልድዩ ላይ አንድ ነጭ የለበሰ መልከ መልካም ጎረምሳ እያያት ይስቃል። ቀጥሎ ጎረምሳው ልጅቷን ድልድዩ ጠርዝ ላይ በእጅጌዋ ይዟታል፤ ግማሽ አካሏ አየር ላይ ነው። ሦስተኛው ላይ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ድልድዩ ላይ ቆመዋል። በቃ፣ አወጣት። መጀመሪያ የሳቀውም «አይዞሽ፣ መጣሁልሽ» ሊላት ነው። እህቴ ወዲያው ወደደችው። ስሙን ሳቂታው አለችው።

ከታች በግራ በኩል እናትየው በሯ ላይ ቆማ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋለች። ይኸው፣ ሳቂታው ቤቷ አደረሳት። ነገር ግን ከኋላቸው፣ ዝናቡ ውስጥ፣ አንድ ሰውዬ ቆሞ ያያቸዋል። ከትከሻው እስከ ጉልበቱ የሣር ልብስ ለብሷል፤ ጭንቅላቱ ላይ ሰፌድ የሚያህል ነገር ደፍቷል። ፊቱ ጥላ ነው። ከጥላው ውስጥ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ቀጥሎ ያ ሰውዬ ልጅቷን ታቅፎ ይሮጣል፤ ልጅቷ አፏን ከፍታ ትጮኻለች። መጨረሻው ሥዕል ላይ እስከ ወገቡ ወንዝ ውስጥ ገብቷል፤ ልጅቷን በሁለት እጁ ውሃው ላይ ይዟታል። ከዚያ ወዲያ ሥዕል የለም። ወረቀቱ አለቀ።

«ከዚያስ?» አለች እህቴ።

«ከዚያማ…» አልኩና ጭራሮውን አስቀመጥኩ። እኔ ታሪክ መጨረስ የማያቅተኝ ልጅ ነበርኩ።

የሣሩን ልብስ ሁለታችንም አውቀነዋል። ገሳ ነው። የእንጦጦ ሰው ክረምት ክረምት ለዝናብ የሚደርበው፣ ከሣር የተጎነጎነ ገሳ። ጃፓን የት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ገሳ የሚለብስ ሰው ግን የት እንደሚኖር አውቃለሁ። ከቤታችን በላይ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው የሚኖረው።

ወረቀቱን በዱቄት ሙጫ ግድግዳው ላይ፣ ከተለጠፈው ጋዜጣ በላይ ለጠፍነው። እህቴ ሳቂታውን ልታይ ስትፈልግ የታችኛውን ረድፍ በመዳፏ ትከድንና ወደ ላይ ብቻ ታያለች። እጇ ስለማይበቃ የኔን እጅ ትዋሳለች። እማዬ መጀመሪያ ሳቀችብን፤ ኋላ ነገሩ ጠቀማት። እህቴ አልበላም ስትል፣ እግሯን አልታጠብም ስትል፣ «ነይ እንጂ ሚጢ፣ ለባለ ገሳው እሰጥሻለሁ!» ትላለች። ሚጢም እንደ ጥይት ትመጣለች። እማዬ ክፉ ሆና አይደለም። ብቻዋን የምታሳድገን፣ ቀኑን ሙሉ ገበያ የምትውል ሴት ናት፤ ቶሎ የሚሰራ ነገር ስታገኝ ተጠቀመችበት።

ክረምቱ ሲገባ ግን ነገሩ ከፋ። እህቴ በእንቅልፏ «አትስጪኝ! አትስጪኝ!» እያለች ትባንን ጀመር። እማዬ ደነገጠች። አንድ ጠዋት ወረቀቱን ከነሙጫው በቢላ ፈቅፍቃ አነሳችና፣ «ይሄን ወስደሽ ለዓረቡ ስጪው፤ ስኳር ይጠቅልልበት። እዚህ ቤት ሁለተኛ እንዳላየው» አለችኝ።

ዓረቡ የምንለው ከየመን የመጣ የሰፈራችን ባለ ሱቅ ነው። ደግ ሰው ነበር። አማርኛው ጥሩ ሆኖ ሳለ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው፤ ልጆች ለዚህ ብለው ሱቁ በር ላይ ይሰበሰባሉ።

«ምን አመጣህ ልጄ?» አለኝ።

«ወረቀት። ስኳር ይጠቅልሉበት ብላለች እማዬ።»

ተቀበለኝና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ገፍቶ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያዘው። ወፍራም ጣቱን በሥዕሎቹ ላይ ማስኬድ ጀመረ። ሁሉንም ካየ በኋላ በምላሱ ጠቅ አደረገ።

«ወላሂ፣ ይሄ ልጅ ሸይጣን ነው።»

«ባለ ገሳው?»

«ይሄ፣ ነጭ የለበሰው። አየህ? እጇን ያዘ፣ ድልድይ ወሰዳት። ገፋት። ወደቀች። ቆሞ ይስቅባታል!» ጣቱ ወደ ታችኛው ረድፍ ወረደ። «የሣሩ ሰውዬ መጣ፣ ወንዝ ገባ፣ አወጣት። እሷ ትጮኻለች፣ እሱ ይሮጣል፣ ይሮጣል… ለእናቷ ሰጣት። ከዚያ ሩቅ ቆመ። ምስጋና አልፈለገም። ጎበዝ ሰውዬ!»

ያስኬደው ጣት ከቀኝ ተነስቶ ወደ ግራ ነው የሄደው።

«ኧረ ጋሼ! ከመጨረሻው ጀመሩት እኮ!»

«መጨረሻው የቱ ነው?»

«ይሄ» ብዬ ቀኙን አሳየሁት።

«ይሄማ መጀመሪያው ነው። ቁርአን ከዚህ ይጀምራል፣ የአባቴ ደብዳቤ ከዚህ ይጀምራል።»

«ይሄ ግን የዓረብ አይደለም። የጃፓን ነው።»

«ጃፓን ከየት እንደሚጀምር አንተ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለና ሳቀ። ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። «ውሰደው። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ስኳር አልቋጥርም፤ ያሳዝናል።» ከረሜላም ጨመረልኝ።

ከረሜላውን እየበላሁ ወደ ቤት ሄድኩ። እስከዚያ ቀን የምፈራው አንዱን ብቻ ነበር። አሁን ሳቂታውንም መፍራት ጀመርኩ። ግድግዳችን ላይ ሆኖ ሲስቅልን የከረመው፣ እህቴ ፊቷን ሳትታጠብ በፊት ጠዋት ጠዋት የምትስመው እሱ፣ ልጅ ወንዝ ውስጥ ሲገፋ ኖሯል? አይሆንም አልኩ። ዓረቡ የለመደውን ነው ያነበበው። ግን እኔስ የለመድኩትን አይደለም ያነበብኩት? አንዱ ከተሳሳተ አንዱ ልክ ነው፤ የትኛችን እንደሆንን የሚነግረኝ ሰው ደግሞ የካ ውስጥ የለም። ወረቀቱን ባዶው የሲኒ ሳጥን ውስጥ ከጭዱ በታች ደበቅሁት። ለእህቴም ለእማዬም ትንፍሽ አላልኩም።

ሐምሌ ነበር። እንጨቱ ሁሉ ረጥቦ ቤት ውስጥ ከእሳቱ ጭሱ የሚበዛበት ወር። እማዬ ሾላ ሄዳለች። እኔ እህቴን ከማን ጋር ልተዋት? ይዣት ከሰፈር ሴቶች ኋላ እንጦጦ ወጣሁ፤ ዝናቡ ከቀትር በኋላ ስለሚጀምር እስከዚያ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅርፊት ለቅመን ልንመለስ። ሴቶቹ የሚፈሩት ዝናቡን ሳይሆን የጫካውን ዘበኛ ነው። ዘበኛ ካገኘሽ ሸክምሽን ያስጥልሻል፣ ገመድሽን ይቀማሻል።

«ዘበኛው ዛሬ ወደ ላይኛው በኩል ነው አሉ፤ ቶሎ ቶሎ በሉ» ይባባላሉ።

እኔ ቅርፊት ላይ ስስት ያዘኝ። ከግንዱ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ያለ፣ ከታች በኩል ደረቅ የሆነ ቅርፊት አገኘሁ፤ ጎተት ባደረግሁት ቁጥር ይመጣል። አንዲት ሴት ሸክሟን አንስታ ስታልፍ፣ «አንቺ ልጅ፣ ቤት ልትከድኚበት ነው እንዴ? በቃሽ፣ ውረጂ!» አለችኝ። «መጣሁ፣ መጣሁ» አልኳት። ቀና ስል ጉሙ ወርዷል። ሴቶቹ የሉም። ድምፃቸውም የለም። ጉም ሲወርድ ባሕር ዛፉ ያንጠባጥባል፤ ዝናብ ሳይሆን ዝናብ የሚመስል ጠብ ጠብ ብቻ በዙሪያችን።

«እታለም» አለች እህቴ። ቀሚሴን ያዘች። ሌላ ምንም አልተናገረችም፤ በአገጭዋ አሳየችኝ።

ከላይ፣ ከግንዶቹ መሀል፣ ባለ ገሳው ቆሟል።

ከትከሻው እስከ ጉልበቱ ሣር ነው። ገሳውን እስከ ራሱ ስቦታል፤ ፊቱ ጥላ ነው። ውሃ ከሣሩ ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል። እጁን ከውስጥ አወጣና ወደ እኛ ዘረጋ፣ የሆነ ነገር ጮኸ። ምን እንዳለ አልሰማሁም። ቅርፊቴን ከነገመዱ ጥዬ እህቴን በክንዷ ይዤ ቁልቁል ሮጥኩ። ቀዩ ጭቃ ከእግሬ ስር ይሄድብኛል። ከኋላችን ይሮጣል፤ ሣሩ ሲንሿሿ ይሰማኛል።

ከፊታችን ፈፋ አለ፤ ዓመት ዓመት ጎርፍ የቦረቦረው፣ ከሰው ቁመት የሚጠልቅ። ውስጡ ያለው ውሃ ቁርጭምጭሚት አይሞላም። ተንሸራተን ገባን። አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥሩ አፈሩን ለቆ ወደ ፈፋው ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ስር ገብተን እህቴን አፏን በመዳፌ ያዝኳት።

ሰውዬው ከላያችን መጣ። ኮቴው አፈር ያራግፍብናል።

«ውጡ!» ይላል። «ከዚያ ውጡ! የት ገባችሁ?» ድምፁ ጎርናና ነው፤ እየተቆጣ ነው የሚናገረው። «ኮቱ! ኮቱ!» ይላል ደግሞ። ነይ ማለቱ ነው፤ እኛ ሰፈር ያደገ ልጅ ኦሮምኛ ይሰማል። ባይገባን ይሻል ነበር።

እህቴ ጆሮዬ ላይ አፏን ለጥፋ፣ «ሳቂታው አይመጣልንም?» አለችኝ።

«ዝም በይ።»

«ጥሪው፣ እታለም። ጥሪውና ይምጣ።»

ጥሪው የምትለኝ ሰው ማን እንደሆነ እኔ ራሴ አላውቅም።

እዚያ እንዳለን ነው ውሃው መልኩን የለወጠው። እኛ ያለንበት ዝናብ አልዘነበም፤ እላይ ጫፉ ላይ ግን ሲወርድ ቆይቶ ኖሯል። መጀመሪያ አረፋ መጣ። ከዚያ ቅጠል። ከዚያ ውሃው ቡናማ ሆኖ ከቁርጭምጭሚቴ ወደ ባቴ ወጣ፤ ከላይ በኩል ደግሞ ወፍጮ ቤት ሲነሳ የሚሰማው ዓይነት ጉርምርምታ ተሰማ። ከጉርምርምታው መሀል የሰውዬው ድምፅ፦ «ውጡ!»

ፈፋው ተንሸራተው የሚገቡበት እንጂ የሚወጡበት አይደለም። ጥፍሬን ግድግዳው ውስጥ ተከልኩ፤ ጭቃው በእጄ መጣ። አንድ ጊዜ ሞከርኩ፣ ደገምኩ፣ እህቴን ይዤ አልሆነም። ከስር ጎርፍ፣ ከላይ ባለ ገሳው። እህቴን ለማን ልስጥ?

አየኋት። ውሃው እየረጫት ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፤ ራስ ቅሏ እንደ ወፍ ጫጩት ትንሽ ሆኖ ይታያል። እና ያ ወረቀት መጣብኝ። ውሃ የነካው ፀጉር እንዲህ ነው። ድልድዩ ላይ ከሳቂታው ጋር እጅ ለእጅ የተያያዘችው ልጅ ፀጉሯ እንዴት ነበር? ስንት ጊዜ በጣቴ ዳስሼዋለሁ! በጥብጣብ የታሰረ፣ ንፋስ የሚያነሳው፣ ጉፍ ያለ ፀጉር ነው። እናቷ ደረት ላይ ግን እንዲሁ እንደ እህቴ ተለጥፏል። ከወንዝ የወጣች ልጅ ድልድይ ላይ ፀጉሯ አይደርቅም። ገና አልወደቀችም ማለት ነው። ድልድዩ መጨረሻ አይደለም፤ መጀመሪያ ነው።

ዓረቡ ልክ ነበር።

ይህንን ሳስብ ፍርሃቱ የለቀቀኝ እንዳይመስላችሁ። አንድ ወረቀት ላይ ስላለ ፀጉር እህቴን ለማላውቀው ሰው ልሰጥ ነው። «እዚህ ነን!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

ገሳው ከላያችን ብቅ አለ። ሰውዬው በደረቱ ተኛና ሁለት እጁን ወደ ታች ሰደደ። ጥላ የሆነ ፊት፣ የሚንጠባጠብ ሣር። እህቴን በብብቷ ይዤ ወደ ላይ አነሳኋት።

«አትስጪኝ!» አለች። «እታለም፣ አትስጪኝ! እግሬን እታጠባለሁ! አትስጪኝ!»

ፊቴን ቧጨረች። እጁ ሲደርስባት ነከሰችው፤ ሲጮህ ሰማሁት። አልለቀቃትም። እኔ ለቀቅኋት። እግሮቿ ከዓይኔ ፊት ወደ ላይ ሄዱ፣ ከዚያ ጠፉ። ጩኸቷም ከፈፋው አፍ ራቀ፣ ራቀ፣ ጎርፉ ዋጠው።

ሰውዬው አልተመለሰም።

ውሃው ጭኔ ደርሷል፤ ሥሩን በሁለት እጄ ይዣለሁ። በሕይወቴ ብዙ ፈርቻለሁ፤ በደርግም፣ በወሊድም፣ በልጆቼ ሕመምም ፈርቻለሁ። እንደዚያች አፍታ ግን ፈርቼ አላውቅም። ስለ ውሃው አይደለም። ባዶውን የፈፋ አፍ እያየሁ፣ «በገዛ እጄ ሰጠኋት» እላለሁ። «ለእማዬ ምን እላታለሁ? በገዛ እጄ ለባለ ገሳው ሰጠኋት።»

ከዚያ አፈር ተራገፈብኝ። ሁለት ባዶ እጅ ወረደ፤ አንደኛው ይደማል። «ኮቱ» አለኝ፣ አሁን ቀስ ብሎ። ያዝኩት። ሲጎትተኝ ደረቴ ተላጠ፤ ሣሩ ላይ በግንባሬ ወደቅሁ። ስዞር የያዝኩት ሥር የለም። ፈፋው ከአፍ እስከ ገደፉ ቡናማ ውሃ ነው።

እህቴ ከአንድ ግንድ ጋር በገመድ ታስራለች። የኔ ገመድ ነው፤ ከጣልኩት ቅርፊት ላይ ፈትቶ ያመጣው። «ልትሮጥ አለች፤ ወደ ውሃው» አለ ሰውዬው እያለከለከ። ገሳውን ከራሱ ላይ ገፈፈ። ሽማግሌ ነው። ሪዙ የሸበተ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ እንደኛው የሚንቀጠቀጥ የጫካ ዘበኛ።

እህቴን ታቅፎ ገሳውን ደረበባት። ቁልቁል ስንወርድ እየጮኸች ነው፤ እሱ ደግሞ ዝናቡ ስለመጣ ይሮጣል ማለት ይቻላል። እኔ ከኋላ የገሳውን ጫፍ ይዣለሁ። እጄ ላይ ያለው ሣር ይከረክራል፣ ይሸታል፣ እውነት ነው። የታችኛውን ረድፍ ሁለተኛ ሥዕል ከውስጡ ሆኜ እየሄድኩበት እንደነበር የገባኝ በራችን ሲታይ ነው።

እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። ሴቶቹ ያለ እኛ መውረዳቸውን ነግረዋት ከገበያ በሩጫ መጥታለች። ባለ ገሳው ልጇን ታቅፎ ከዝናቡ ውስጥ ሲወጣ ስታይ ያደረገችውን አልረሳውም፤ እጇ ዘነዘና ላይ ሄደ። አነሳችው። ከዚያ ከኋላው እኔን አየች፣ ዘነዘናው ከእጇ ወደቀ፣ ሁለት ክንዷን ዘረጋች። እህቴ ደረቷ ላይ ተለጠፈች። እማዬ ጭንቅላታችንን፣ ክንዳችንን፣ ጎድናችንን እየዳሰሰች በጣቷ ጫፍ ኳ ኳ ታደርገን ነበር፤ የተሰነጠቀ እንዳለ እንደምትፈትን።

«ይግቡ እንጂ አባቴ! እባክዎን፣ እሳት ይሙቁ!»

ሰውዬው አልገባም። ራቅ ብሎ ዝናቡ ውስጥ ቆሟል፤ ገሳውን እንደገና ስቦታል።

«ትንሿ ነከሰችኝ» አለ እጁን እያሳየ። «ጥርሷ ደህና ነው።» ከዚያ ገመዴን ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ከተተ። «ገመዱን ግን አልመልስም። ሁለተኛ እዚያ እንዳላያችሁ።»

እማዬ ትስቅና ታለቅስ ጀመር። እሱ ሄደ።

በማግሥቱ ወረቀቱን ከጭዱ ስር አውጥቼ እህቴን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳትና ከቀኝ ወደ ግራ ተረኩላት። ሳቂታው ሲገፋት፣ ባለ ገሳው ሲያወጣት፣ ፀጉሯ እንዴት እንደነበር፣ ሁሉንም። እያንዳንዱን ሥዕል በጣቷ እየነካች አየችው። መጨረሻ ላይ ጣቷን ሳቂታው ላይ አድርጋ፣ «እሱ ግን ቆንጆ ነው» አለች። ባለ ገሳውን አሁንም በመዳፏ ከደነችው። ሽማግሌው በሰፈራችን ሲያልፍ የተነከሰ እጁን እያሳየ ይስቅላት ነበር፤ እሷ እማዬ ቀሚስ ውስጥ ትገባለች። እኔም ቀሚሷ ውስጥ አልገባም እንጂ በሩ ጀርባ እሆናለሁ። ያወጣኝን ሰው እንደዚያ መፍራቴ ያሳፍረኝ ነበር፤ ማወቅና አለመፍራት አንድ ነገር ይመስለኝ ነበርና። እማዬ ግን «ለባለ ገሳው እሰጥሻለሁ» የሚለውን ከዚያ ወዲህ ከአፏ አውጥታው አታውቅም።

ይህንን ሁሉ ለልጅ ልጆቼ ስጨርስ የሁሉም ታናሽ መጽሐፏን ዘርግታ፣ «እማማ፣ እውነት ነው እኮ፤ ማንጋ ከቀኝ ነው የሚጀምረው» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ከዚያ ኮተቤ ላለችው እህቴ ደወሉላት፤ እሷም ዛሬ የልጅ ልጅ ያላት ሴት ናት። ስልኩን አስጩኸው፣ «ከማንጋ ማንን ትወጃለሽ?» አሏት።

ጊዜ አልፈጀባትም። «ሳቂታውን።»

«ኧረ አንቺ! ዛሬም?» አልኳት።

«ዛሬም።»

«የምትጠይውስ?» አሉ ልጆቹ። «ባለ ገሳውን?»

ስልኩ ውስጥ ዝናብ ይሰማኛል፤ እኛ ጋ ሳይደርስ ኮተቤ ጀምሮ ነበር።

«እሱንስ እፈራዋለሁ» አለች። «የምጠላውማ እታለምን ነው። ሰጠችኝ እኮ።»

ልጆቹ ተንከተከቱ። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እታለም፣ ከላይ ዘንቧል መሰለኝ፤ ልጆቹ ወንዝ ዳር እንዳይሄዱ» አለችኝ። ተነስቼ በሩን ዘጋሁ።